አባቴ የተኮሰባት ጠላቂ

አባቴ ሳል ነበረበት። ደረቅ፣ ሁለቴ ብቻ የሚወጣ ሳል። ልጅ ሳለሁ በዚያ ሳል እንዲሞት እጸልይ ነበር። ቀልዴን አይደለም። አልጋዬ ሥር ተንበርክኬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከልቤ ነው የጸለይኩት።

አባቴ የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ግድብ ጥበቃ ነበር። የምንኖረውም እዚያው፣ ከፓምፕ ቤቱ ጋር ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንጫጫሉ። እናቴ የልብስ ስፌት መኪናዋን ታቆምና ሄዳ በመዳፏ ትይዛቸዋለች። "አሁንስ በዛ! አንድ ቀን ቤቱም ተነስቶ ይሄዳል!" ትላለች። ልብሳችንም፣ ፍራሻችንም፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዬም የማሽን ቅባት ይሸታል። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ስገባ አፍንጫዋን ትይዝ ነበር። እኔም ስትወጣ አደናቅፋት ነበር።

ቤት ውስጥ ስሜ "ሬዲዮ" ነው። ያወጣልኝ አባቴ ነው። ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። እናቴ የሰው ቀሚስ አሳስታ ቆርጣ፣ ነገሩን በዘዴ ለማስተካከል ስትለፋ፣ እኔ የቀሚሱን ባለቤት መንገድ ላይ ጠብቄ "ቀሚስሽ እኮ ተበላሽቷል" አልኳት። "ይቺ ልጅ ማጥፊያ የላትም" አለ አባቴ። ሰው ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

የግድቡን ወፎች የሚያውቅ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ ከኔ በቀር ያለ አይመስለኝም ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ የግድቡ ካብ ላይ በሆዴ ተኝቼ የማያቸው እነሱን ነው። ሰው ሁሉ ዳክዬ ይላቸዋል። ዳክዬ አይደሉም። የዳክዬ አፍ ጠፍጣፋ ነው፤ የነሱ ሹል ነው። ዳክዬ ጭራ አለው፤ እነዚህ ግን ከኋላቸው በመቀስ የተቆረጡ ይመስላሉ። ጉንጫቸውና አንገታቸው የሸክላ ቀለም ነው፤ የአፋቸው ጥግ ላይ ደግሞ ቢጫ ነገር አለ፣ በልቶ አፉን እንዳልጠረገ ልጅ። እግራቸው የተተከለው ከኋላ፣ መቀመጫቸው ጋ ስለሆነ መሬት ላይ ሁለት እርምጃ ሄደው በደረታቸው ይወድቃሉ። ውሃ ውስጥ ግን አቻ የላቸውም። አሁን አለች ስትል የለችም። ስለዚህ ጠላቂ አልኳቸው። ካቡ ሥር ካለው ቄጤማ የማትርቀዋን አንዷን ደግሞ "ጠላቂዋ" አልኳት፤ የኔ ናት ማለቴ ነው።

ጠቡን ይዞብን የመጣው የግድቡ ተቆጣጣሪ ነው። ነጭ ጫማ የሚያደርግ፣ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ ጫማውን የሚያይ ሰው ነበር። ግድቡ ውስጥ የዓሳ ጫጩት አስጨምሮ ነበርና ዓሳው አልበረክት ሲል አበደ። አባቴን ካቡ ላይ አቁሞ በጣቱ ወደ ውሃው እያመለከተ ጮኸበት።

"እነዚህ ዳክዬዎች ናቸው ዓሳዬን የጨረሱት! ለምንድነው ጠመንጃ የያዝከው? ለጌጥ ነው?"

"ዳክዬ አይደሉም" አልኩ እኔ።

አባቴ ወደኔ ሳይዞር "አንቺ ግቢ" አለኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ ውሃው ላይ ወፍ እንዳላይ" አለ ተቆጣጣሪው። "ካየሁ ቤቱን ለሌላ ጥበቃ አስረክባለሁ። ሚስትህም የስፌት መኪናዋን፣ አንተም ይቺን ምላሳም ልጅህን ይዛችሁ ትወጣላችሁ።"

"ይሁን ጌታዬ" አለ አባቴ።

እንቢ ይላል ብዬ ነበር። አባቴ ለሰው የማይመለስ፣ የፓምፑን ኃላፊ እንኳ ፊት ለፊት የሚሰድብ ሰው ነበር። "ይሁን ጌታዬ" ብሎ አንገቱን ሲደፋ ሳይ አፈርኩበት። ጥላቻው የጀመረው ያን ቀን ነው፤ ገና አንድ ጥይት ሳይተኮስ።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው ግድቡን በጀልባ ሊዞር መጣ። አባቴ ይቀዝፋል፣ እኔ ለምኜ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ቄጤማው አጠገብ ስንደርስ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ የበሰበሰ ሣርና ቅጠል ክምር አየን። ተቆጣጣሪው በጫማው ጫፍ ሊገፋው እግሩን አነሳ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ንፋስ የሰበሰበው ቆሻሻ ነው ጌታዬ። ነጭ ጫማዎን እንዳያበላሽ" አለ አባቴ።

እግሩን ቶሎ መለሰ። እኔ ግን ክምሩ በጠዋት ብርድ በስሱ ሲጨስ አይቼ እጄን ሰደድኩ። ሞቆ እንደሆነ ልነካው ፈልጌ ነው። አባቴ በመቅዘፊያው እጀታ እጄን መታኝ። አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ተቆጣጣሪው ሳቀ፤ እኔ እንባዬን ውጬ ቂሜን ቋጠርኩ።

ጠላቂ ጎጆዋን የምትሠራው ውሃው ላይ ነው። ለመብላት ስትሄድ እንቁላሏን በእርጥብ ሣር ትሸፍነዋለች፤ ለማያውቅ ሰው ቆሻሻ ነው የሚመስለው። ይህን ያወቅሁት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። አባቴ ግን ያን ጊዜም ያውቅ ነበር።

የመጀመሪያው ተኩስ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ተቆጣጣሪው ፓምፕ ቤቱ በረንዳ ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። አባቴ ካቡ ጫፍ ላይ፣ ከሚንሳፈፉት ጠላቂዎች ትይዩ ቆመ። ልብ ያልኩት ችኮላ አለመኖሩን ነው። ጠመንጃውን ቀስ ብሎ፣ በሰፊው፣ ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው አነሳው። ሁለቴ ሳለ። ከዚያ ተኮሰ።

ውሃው ላይ ወፍ አልነበረም። አንድም። ክብ ክብ እየሠራ የሚሰፋ ውሃ ብቻ።

"ሬሳውስ?" ብሎ ጮኸ ተቆጣጣሪው።

"ሰመጠ ጌታዬ። የነዚህ አጥንት ከባድ ነው። ከተመታ ድንጋይ ነው።"

ተቆጣጣሪው ራሱን ነቀነቀ። እኔም አመንኩ። ቀስ እያሉ በቁማቸው ሲሰምጡ፣ መጀመሪያ ጀርባቸው፣ ኋላ አንገታቸው፣ መጨረሻ ራሳቸው ሲጠፋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እንዲህ በቀላሉ የሚሰምጥ ወፍ ሲሞት የት ይቀራል? በዚያ ግቢ ውስጥ ስለዚያ ወፍ አንድ ዓይነት ስህተት የተሳሳትነው ተቆጣጣሪውና እኔ ነን።

አለቀስኩ መሰለኝ። አባቴ መጥቶ ማጅራቴን ይዞ ወደ ቤት አዞረኝ።

"ሂጂ። ወደኋላ ዞረሽ እንዳታዪ።"

"ገዳይ!" አልኩት።

"ሂጂ ብያለሁ! ውሃውን እንዳታዪ!"

ከዚያ ወዲህ ተቆጣጣሪው በመጣ ቁጥር ይተኮሳል። ሲሄድ እኔ ካቡ ላይ እሮጣለሁ፤ በማግስቱ ወፎች አያለሁ። ሌሎች ናቸው አልኩ። ከየት እንደሚመጡ እንጃ፣ የሟች ቦታ ሊይዙ የመጡ ሞኞች። ተመልሳችሁ ሂዱ እያልኩ ድንጋይ እወረውርባቸው ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥም አባቴ ያልጨረሰው ወፍ እንደሌለ ላልሰማ አሰማሁ። ስሜ ሬዲዮ አይደል?

አንድ ቀን ምሳ ላይ እኔ ጠረጴዛው ሥር እርሳሴን ስፈልግ እናትና አባቴ ያወሩትን ሰማሁ።

"ዛሬም ሳልክ?" አለች እናቴ።

"ሳልኩ።"

"ቢነቃብህስ?"

"ጉንፋን ነው እለዋለኋ።"

"ጉንፋን ስንት ወር ይቆያል? ተው አንተ ሰው፣ ይሄ ሳል አንድ ቀን ከቤት ያስወጣናል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ሳልስል ልተኩስ?"

እናቴ ሳህኖቹን ሰበሰበች። በልጅ አእምሮዬ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። አባቴ ክፉ የሳንባ በሽታ ይዞታል፤ ተቆጣጣሪው ካወቀ ያባርረዋል፤ ስለዚህ ደብቀውታል። እናቴ ግን አንድ ቀን እንኳ መድኃኒት ስትሰጠው አላየሁም። እሷም ጠልታዋለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። መጸለይ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጠላቂዋ በዚያ መሃል ጫጩት ፈልፍላ ነበር። ጭንቅላታቸው ባለ መስመር፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ ልጆች። ጀርባዋ ላይ ክንፏ ሥር ወሽቃቸው ትዋኛለች፤ አንዳንዴ አንድ ትንሽ ራስ ብቅ ብሎ ይገባል። አይቼ አልጠግብም ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከራሷ ደረት ላባ ነቅላ ለአንዱ ስታጎርሰው አየሁ። ሌላም ነቀለች፣ አጎረሰችው። ጫጩቱ አንገቱን እየሰገገ ይውጣል። እሪ ብዬ ወደ አባቴ ሮጥኩ፤ ከጠላሁት ወዲህ በራሴ ፈቃድ ስቀርበው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ልጇን ላባ እየጠቀጠቀች ልታንቀው ነው! ከአንተ ቀድማ ልትገድለው ነው!"

አባቴ ጠመንጃውን በዘይት ጨርቅ እየወለወለ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ ሊናገር ያለ ነገር ነበረው። ከዚያ ተወው።

"የምታደርገውን ታውቃለች። አንቺ አርፈሽ አጥኚ" አለኝ።

ላባው ሆድ ውስጥ ይቆይና የዓሳውን አጥንት ይጠቀልለዋል፤ አንጀት እንዳይወጋ። እናት ጠላቂ ከዓሳው በፊት ላባ የምታጎርሰው ለዚህ ነው። እኔ ግድያ ብዬ የጮህኩበት ምሳ ማብላት ኖሯል።

የመጨረሻው ቀን ተቆጣጣሪው ብቻውን አልመጣም፤ የበላዩን ይዞ ነበር። ዓሳው ለምን እንዳልበረከተ ሊያስረዳ፣ ጥበቃውም እንዴት እንደሚተጋ ሊያሳይ። ጠላቂዋ ልጆቿን ጀርባዋ ላይ ጭና ከቄጤማው ወጥታ ገላጣው ውሃ ላይ ነበረች። ከዚህ በፊት እንዲህ ቅርብ ሆና አታውቅም።

"ያቻት!" አለ ተቆጣጣሪው። "በላት!"

አባቴ ጠመንጃውን አነሳ። እኔ ከቤት ወጥቼ በካቡ ላይ በረርኩ። እንዳልለምነው አውቀዋለሁ፣ ልመና አይሰማም። አንድ መላ ብቻ ነበረችኝ። በሽታውን ከተናገርኩ ያባርሩታል፤ ካባረሩት ጠመንጃ የለውም። ሁለቱ ሰዎች ፊት ቆምኩና በሙሉ ድምጼ ጮህኩ።

"ጌታዬ! አባቴ ሊተኩስ ሲል ሁልጊዜ ይ…"

እጁ አፌን ደፈነው። ቅባትና ባሩድ ሸተተኝ። ነከስኩት፤ ደሙ ምላሴ ላይ መጣ፤ አለቀቀኝም። እኔን በአንድ ክንዱ እንዳነቀ፣ በሌላኛው ጠመንጃውን ወገቡ ላይ ደግፎ፣ ሁለቴ ሳለ። ሳሉ ጀርባዬን አንቀጠቀጠው። ተኮሰ።

ጠላቂዋ የለችም። ልጆቿም የሉም።

"ከነጫጩቶቿ!" አለ ተቆጣጣሪው፣ እያጨበጨበ። የበላዩም ሳቀ።

አባቴ እየጎተተ ቤት አስገባኝና በሩን ዘግቶ በጥፊ መታኝ። መትቶኝ አያውቅም ነበር፤ የመቅዘፊያውን ካልቆጠርነው። ከዚያ መስኮቷ መንገዱን ብቻ በሚያሳየው ክፍል ውስጥ ቆለፈብኝ። ከበሩ ማዶ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ።

"ነገ ወደ እህትሽ ትሂድ። እዚህ ከቆየች ያበቃልናል።"

"ልጅ እኮ ናት። ብንነግራትስ?"

"ለሷ ነግረሽ ለማን ይቀራል?"

በማግስቱ ልብሴን በከረጢት አድርገው ከተማ አክስቴ ቤት ወሰዱኝ። ስንለያይ አባቴ ሊስመኝ ጎንበስ ሲል ፊቴን አዞርኩ። "አንተ አባቴ አይደለህም" አልኩት። በጨርቅ የታሰረ እጁን ኪሱ ከተተና ሄደ። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ወፏን ገደላት፣ እኔን ጣለኝ።

ካደግሁ በኋላ እናቴ አንድ ጊዜ ነካክታው ነበር። "አባትሽ እኮ አንድ ወፍ አልገደለም" አለችኝ። "በዓይኔ ያየሁትን?" ብዬ ቁጣዬን ለቀቅሁባት። ደግማ አላነሳችውም። እሷ ስትሞት ለቅሶ ላይ ለአባቴ እጄን ዘርግቼ "ያጽናህ" አልኩት፣ ለሩቅ ሰው እንደሚባለው። እሱም "ያጽናሽ" አለኝ። በቃ።

ባለፈው እሑድ ልጄን ይዤ የሕዝብ መናፈሻ ሄድን። መሃሉ ላይ ኩሬ አለ። እሷ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ "እማዬ ጭራ የሌለው ዳክዬ!" አለች። ዳክዬ አይደለም ልላት ስል አየኋት። ሹል አፍ፣ የሸክላ ጉንጭ፣ አፏ ጥግ ላይ ያ ቢጫ። ጀርባዋ ላይ ባለ መስመር ራስ ብቅ አለ።

ያኔ ከኋላችን የአንድ ልጅ ፊኛ ፈነዳ። ጧ!

ኩሬው ባዶ ሆነ። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ የልጄን ማጅራት ይዤ ወደ በሩ አዞርኳት። "ነይ እንሂድ። እንዳታዪ" አልኳት። እጄ የራሴ አልመሰለኝም።

"አልሄድም!" ብላ አጥሩን ጨበጠች። "ትወጣለች እኮ! ጠብቂ!"

"ሰምጣለች አልኩሽ!"

"ወፍ ይሰምጣል እንዴ? እማዬ ደግሞ! ላባ እኮ ነው!"

ቆምኩ። ከቆይታ በኋላ ማዶ፣ ሣሩ ሥር፣ ሹል አፍ ብቻ ከውሃው ወጣ። ዙሪያውን አየች። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሷ፣ አንገቷ፣ ጀርባዋ። ልጆቿ ክንፏ ሥር ሆነው ውሃውን ከራሳቸው አራገፉ። ልጄ እያጨበጨበች ትስቃለች። እኔ አጥሩን ይዤ በቁሜ አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ ተኩስ መሃል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ግድቡ ላይ ተንሳፍፎ ያየሁት አንድ የወፍ ሬሳ የለም።

በማግስቱ አባቴ ጋ ሄድኩ። ከአንድ አናጢ ቤት ጀርባ ባለች የኪራይ ክፍል ነው የሚኖረው፤ በሩ ሥር የእንጨት ብናኝ ይገባል። ዓይኑ ደክሟል። ሳልናገር በእርምጃዬ ለየኝ።

"ሬዲዮ ናት?"

"የሞተ ወፍ ይንሳፈፋል" አልኩት። ሰላምታ እንኳ አላቀደምኩም።

"ገና ዛሬ ደረሰሽ?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ለሬዲዮ?"

"ካደግሁ በኋላስ?"

"ካደግሽ በኋላማ ምን ልንገርሽ? ላባ የለበሰ ነገር ሲሰምጥ የት አይተሻል? አንድ ቀን ቁጭ ብላ ታስበዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አላሰብሽውም። አባቴ ገዳይ ነው ማለቱ ተመቸሽ።"

"አንተ እኮ ነህ እንዳታዪ ያልከኝ! ማጅራቴን ይዘህ ያዞርከኝ አንተ ነህ!"

"ከሆድ የወጣ ልጅ ስንት ነገር ይባላል። አጥኚ ብዬሻለሁ፣ ዝም በይ ብዬሻለሁ። አንዱንም አልሰማሽኝም። ያቺን ብቻ ሰማሽኝ።"

ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ነበር። ጭራሽ ደሜ ፈላ። ለአንድ ተቆጣጣሪ ፍንጭ ሳያሳይ የኖረ ሰው፣ ነገሩን ሾላ በድፍን አድርጎ ለኔም እስካሁን ይዞ ቁጭ ብሏል። ጥፋቱ የኔ ነው አልልም፤ አሁንም አልልም። ልጅን በጥፊ መትቶ ከቤት ማስወጣትና ልጅቷ ራሷ ትድረስበት ብሎ ማኩረፍ ፍቅር ከሆነ፣ ክፉ ፍቅር ነው። ይህንኑ ነገርኩት። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሰማኝ። አውራ ጣቱ ሥር የጥርሴ ጠባሳ አለ።

"ጨረስሽ?" አለኝ።

"ጨረስኩ።"

ቦርሳዬን አነሳሁ። በሩን ስከፍት ከኋላዬ ሳለ። ደረቅ፣ ሁለቴ ብቻ።

እጄ መዝጊያው ላይ ቀረ። ይህ ሳል ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ለጠላቂዋ ከመተኮሱ በፊት ይነግራት የነበረው ነው፤ ሽሺ ማለት ነው። እዚያ እንደቆምሽ ልጎዳሽ ነውና ከፊቴ ጥፊ ማለት ነው። በሽታ ኖሮበት አያውቅም፤ አሁንም የለበትም።

በሩን መልሼ ዘጋሁት። ያለችውን አንዲት ወንበር ስቤ ጉልበታችን እስኪነካካ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"ምነው? አልሄድሽም?" አለ።

"አልሄድም" አልኩት። "ተኩስ።"